መርከበኛ የሚወጣው ከወደብ ሳይሆን ከጉዞ ነው

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። በከተማዋ አጠገብ ያለው ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች አሉበት፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳምም በዳርቻው ነው። ከዚህ አካባቢ የተነሣ ልጅ የውቅያኖስ መርከበኛ ልሁን ቢል፣ «ወደብ የሌለው አገር መርከበኛ ምን ያደርግለታል?» የሚለው መልስ ቀድሞ ይጠብቀዋል። መልሱ አሳማኝ ይመስላል፤ ግን ሁለት ነገሮችን ያምታታል። ወደብ የመሬት ጉዳይ ነው። መርከበኝነት ደግሞ ሙያ ነው፤ ሙያው የሚገኘውም ካዴቱ በክፍት ባሕር ላይ ወራት በሚፈጀው የሥልጠና ጉዞ ነው። እኛ ከባሕር ዳር መራቃችንን አብዝተን እናወራለን፤ ለካዴት የሚሆን የመርከብ ላይ ቦታ ስለማዘጋጀት ግን እምብዛም አንነጋገርም።

ከባሕር የመራቁ ታሪክ ራሱ ከሐይቅ አቅራቢያ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ከጣሊያን ጋር ከተፈረመው ውል ሁላችንም የምናነሣው አንቀጽ 17ን ነው። ድንበር የሚያሰምረው አንቀጽ 3 ግን ከባሕሩ ዳር ከአራፋሌ ተነሥቶ በሐላይ፣ በሰገነይቲና በአሥመራ በኩል ያልፋል፤ ጣሊያን አስቀድማ የያዘቻትን ምፅዋን ከጀርባዋ ካለው ደጋ ጋር የሚያጸና መስመር ነበር። ዓድዋ የአንቀጽ 17ን ነገር ዘጋ፤ ጠረፉ ግን በጣሊያን እጅ ቀረ። ኢትዮጵያ ወደ ባሕር የተመለሰችው በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለክርክራችን ይጠቅማል። የባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ረዱ፤ የባሕር ኃይል ኮሌጅም ተከፈተ። ኮሌጁ ብቻውን በቂ ስላልነበረ በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የካዴቶች ማሠልጠኛ ሆነች። ተራራ እያየ ያደገ የደጋ ልጅ ሳይቀር በእሷ ላይ ተጉዞ የባሕር መኮንን ሆኗል። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ።

ጉዞው ከክፍል ትምህርት የተለየ ምን ይሰጣል? እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ዓለም አቀፍ ስምምነት መልሱን በወራት ለክቶ አስቀምጧል። በታወቀ የሥልጠና ፕሮግራም ያለፈ ካዴት የመርከብ መሪ መኮንን ለመሆን ቢያንስ 12 ወር በባሕር ላይ ማገልገል አለበት፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩን በመርከቡ መምሪያ ክፍል በመኮንን ሥር ተረኛ ሆኖ ይሠራል። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ሥራ ጠጋ ብለን እንይ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካዴቱ የመርከቡን ቦታ በኮከብ ለማወቅ ማዕዘን መለኪያውን ሴክስታንት ይዞ ይወጣል። የኮከቡን ምስል በመሣሪያው መስታወት አውርዶ ከአድማሱ መስመር ጋር ያጋጥማል፤ ልክ ሲነካካ ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ ይመዘግባል። በሐሩር ባሕር ላይ ኮከቡም አድማሱም አብረው የሚታዩበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አንድ የማዕዘን ደቂቃ ቢሳሳት 1,852 ሜትር፣ ማለትም አንድ የባሕር ማይል ይስታል፤ ሰዓቱ በ4 ሴኮንድ ቢዛባም ከምድር ወገብ አጠገብ ስሕተቱ ያው ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እግሩ ሥር ያለው ወለል እየተነሣ እየወደቀ ነው። ሐይቅ ዳር ቆሞ ይህን መለማመድ አይቻልም፤ ዙሪያውን የከበበው ተራራ አድማሱን ይሸፍናል። ሳተላይት አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። አለ፤ ሆኖም በቅርብ ዓመታት በቀይ ባሕር አካባቢ የሳተላይት ምልክት መታወክ ተደጋግሞ ተዘግቧል፤ መርከቦቻችንም የሚያልፉት በዚያው ነው።

ሌላው ትምህርት ድካምን መልመድ ነው። የተለመደው ተራ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ነው፤ ለሳምንታት፣ ያለ እሑድ። ወሎ ላይ ክረምት በሚገባበት ሰኔ ዐረብ ባሕር ላይ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ይበረታል፤ እስከ መስከረም ድረስ ማዕበሉ አይለቅም። በዚያ ወቅት ያለፈ ካዴት የሚማረው ትልቅ ጀብዱ አይደለም። የመሪ ትእዛዝ ሲሰጠው ጮክ ብሎ መልሶ መድገምን፣ እያስመለሰውም ቢሆን ተራውን መጠበቅን ይማራል። ሰው ባሕር ውስጥ ወደቀ ቢባል አንዱ ተንሳፋፊ ይወረውራል፤ ሌላው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ ወደ ሰውየው ያመለክታል፤ መርከቡ እስኪዞር ሌላ ሥራ የለውም። በማዕበል መካከል የሰው ራስ ከዓይን ከጠፋ መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነውና። ይህንን የሚያውቅ ቡድን የሚገነባው አብሮ በመጓዝ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ አደጋው ነው። ወጣቶችን ለትምህርት ብሎ ለማዕበል መስጠት ተገቢ ነውን? «ፓሚር» የተባለችው የጀርመን ሸራ መርከብ እ.ኤ.አ. መስከረም 1957 በአትላንቲክ ላይ በአውሎ ነፋስ ስትሰምጥ ከ86 ሰዎች የተረፉት 6 ብቻ ነበሩ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ካዴቶች ናቸው። ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ሆኖም ጀርመኖች በማግሥቱ ዓመት «ጎርሽ ፎክ» የተባለች ሌላ የሥልጠና ሸራ መርከብ ወደ ውሃ አወረዱ። ለምን ቢባል፣ ያልሠለጠነ መኮንን በኋላ ሃያ ሰው ይዞ በዚያው ማዕበል መግባቱ አይቀርም፤ አደጋው ቀን ይቀይራል እንጂ አይቀርም። ሲሙሌተርም ይረዳል፤ በደረቅ ምድር ላይ ግጭትንና ጭጋግን ያለማምዳል። ግን ሲሙሌተር ማታ ይጠፋል፣ ሠልጣኙም አልጋው ላይ ይተኛል።

የወደቡ ተቃውሞም ሕግ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. የ1921 የባርሴሎና መግለጫም ሆነ የባሕር ሕግ ስምምነቱ ባሕር የሌላቸው አገሮች በራሳቸው ሰንደቅ መርከብ የማሰማራት መብት እንዳላቸው ይናገራሉ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምራ ይህን ስታደርግ ኖራለች። የኛም ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ እንደ «መቀሌ»፣ «አሶሳ» እና «ጅግጅጋ» ያሉ በየብስ ከተሞች ስም የተጠሩ መርከቦች አሉት። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው ኮንቴነርም ከባሕር የመጣ ነው፤ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ያለው ማሠልጠኛ የምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ መኮንንነት ያዘጋጃል፤ ብዙዎቹም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ተቀጥረው ይሠራሉ። «ታዲያ ለሌላ አገር ማሠልጠን አይደለም ወይ?» ይባላል። በከፊል ነው። ነገር ግን ደመወዙ ወደ ቤተሰብ ይመለሳል፤ ልምዱም ከሰውየው ጋር ይኖራል። ችግሩ ሌላ ነው፦ የሥልጠናውን ወሳኝ ወራት የሌላ ባለመርከብ ፈቃድ ላይ ጥለን መቀመጣችን። ስለዚህ ጥያቄው ለባሕር ትራንስፖርት ኃላፊዎች ነው፦ የራሳችን መርከቦች ከጂቡቲ ሲነሡ የካዴት አልጋ ባዶውን አይሂድ።