ከቲቢ ጋር የሚምታታውን የሳንባ ምች በወቅቱ መለየት ሕይወት ያድናል

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙት ብቸናና ሞጣ ከተሞች የየራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። የአካባቢው አርሶ አደርም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሳል ሲጸናበት በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ እነዚሁ ሆስፒታሎች ያመራል። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። በሽታው በአገሪቱ በስፋት የሚገኝ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የአክታ ምርመራው ከቲቢ ነጻ መሆኑ ሲነገረው ጉዳዩ እዚያ ላይ ማብቃት የለበትም። ኒሞሲስቲስ ጂሮቬሲ የተባለ ፈንገስ የሚያስከትለው የሳንባ ምችም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። በ1990ዎቹ ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ አክታቸው ከቲቢ ነጻ ሆኖ በተገኘ ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ባለ ህሙማን ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በሽታው በአገራችንም እንደሚገኝ አረጋግጠዋል። ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀውም እ.ኤ.አ በ1981 በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣቶች በዚሁ የሳንባ ምች መያዛቸው ሪፖርት ከተደረገ በኋላ ነበር።

ፈንገሱ በአየር የሚተላለፍ ሲሆን ጤናማ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም። አደጋው የሚጨምረው የሲዲ 4 መጠናቸው ከ200 በታች በወረደ፣ የካንሰር ሕክምና በሚወስዱ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ባደረጉና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ነው። ከእናታቸው ኤች.አይ.ቪ የተላለፈባቸው ጨቅላ ሕጻናትም በተለይ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ይጠቃሉ።

በኤች.አይ.ቪ ህሙማን ላይ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቀስ በቀስ ነው። ደረቅ ሳል፣ ትኩሳትና በእንቅስቃሴ ወቅት የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያሉ። ትናንት ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣ የነበረ ሰው ዛሬ ከቤት እስከ ቢሮ መራመድ ያቅተዋል። ባለሙያው ደረቱን ሲያዳምጥ የተለየ ድምፅ ላይሰማ፣ ኤክስሬይም በመጀመሪያው ደረጃ ምንም ላያሳይ ይችላል። በጣት ጫፍ ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ግን ህመምተኛው ጥቂት ከተራመደ በኋላ መጠኑ ማሽቆልቆሉን ሊያመለክት ይችላል። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ወይም ያለ ድጋፍ መራመድ የማይችል አዋቂ በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ህመሙን እንደ ተራ ምች ቆጥሮ በዳማከሴ ብቻ እቤት መቆየት ውድ ጊዜ ያባክናል።

ፈንገሱ በተለመደው የአክታ ምርመራ አይታይም። ማረጋገጫው ከሳንባ ውስጥ ናሙና መውሰድንና ልዩ ላቦራቶሪን ይጠይቃል። ስለሆነም እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ሥፍራ ሐኪሙ ምልክቶቹን አገናዝቦ፣ የቲቢ ምርመራውንም ሳያቋርጥ፣ ሕክምናውን ወዲያውኑ ይጀምራል።

የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ንጥረ ነገር በዚህ ፈንገስ ውስጥ ባለመኖሩ አብዛኞቹ አያድኑትም። ፍቱኑ መድኃኒት ብዙዎች ባክትሪም ብለው የሚያውቁት ኮትሪሞክሳዞል ሲሆን፣ ኤች.አይ.ቪ ላለበት ህመምተኛ በከፍተኛ መጠን ለ21 ቀናት ይሰጣል። የኦክሲጅን መጠኑ ዝቅ ላለ ሰው ኦክሲጅንና ፕሬድኒሶሎን ይታከልበታል። ያለ ሕክምና የቆየ የኤድስ ህመምተኛ ከዚህ በሽታ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው።

ይኸው ርካሽ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን በየዕለቱ ሲወሰድ በሽታውን አስቀድሞ ይከላከላል። ጸረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነጻ መሰጠቱ የህሙማንን አቅም መልሶ በመገንባት አደጋውን በእጅጉ ቀንሶታል። ሆኖም ምርመራ ያላደረጉና መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ወገኖች ዛሬም ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው።

እዚህ ላይ የኃላፊዎች ድርሻ ጎልቶ ይታያል። በጤና ተቋማት ኮትሪሞክሳዞል እንዳይቋረጥ፣ የኦክሲጅን መለኪያ ከጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ፣ ለሪፈር የሚሆን ተሽከርካሪ እንዲዘጋጅ የሚወስነው በጀት የሚያጸድቀው አካል ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ሠራተኛው በየቀጠሮው መድኃኒቱን እንዲወስድ፣ ምክንያቱን በአደባባይ እንዲናገር ሳይገደድ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። የአንድ ቀን ፈቃድ መከልከል የመድኃኒት መቋረጥን፣ መቋረጡም ሞትን ሊያስከትል ይችላልና።