የሁለት ጣውንቶች ወዳጅነት

በአንድ አገር ግፍ የነገሠ እንደ ሆነ፣ ግፉ በአደባባይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የየቤቱን ደጃፍ አልፎ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። ደካማውን የሚጠብቅ ሕግ በጠፋ ጊዜም ጨካኝ ባል በቤቱ ውስጥ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ ይኾናል። ይህን አጥርተው ከሚያሳዩት መጻሕፍት አንዱ፣ በካቡል ተወልደው በአሜሪካ የሚኖሩት ዶክቶር ኻሊድ ሆሴይኒ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓመተ ምሕረት ያሳተሙት «ሺህ ድንቅ ፀሐዮች» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሁለት የአፍጋኒስታን ሴቶች ነው። መርየም በሄራት ከተማ አጠገብ ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ናት። እናቷ በሞተች ጊዜ ባለጸጋው አባቷ በ15 ዓመቷ ለካቡሉ ጫማ ሰፊ ለረሺድ ዳራት። ልጅ መውለድ ስላልኾነላትም ባሏ ይንቃትና ይደበድባት ዠመር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለይላ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ፣ እናት አባቷ በእርስ በርስ ጦርነት በሮኬት ሞተውባት መጠጊያ ብታጣ፣ ለዚሁ ሰው ሁለተኛ ሚስት ኾነች።

ሁለቱ በመዠመሪያ ተኰራርፈው ኖሩ። ነገር ግን ለይላ አንድ ሌሊት መርየምን ከባሏ ግርፋት ባስጣለቻት ጊዜ የመርየም ልብ ራራ፤ ከብዙ ዘመን በፊት ለራሷ ልጅ ያዘጋጀችውን ልብስ ለለይላ ሕፃን ሰጠች፤ ማታ ማታም በአንድነት ሻይ ይጠጡ ዠመር።

ሕፃኒቱን ይዘው ሊሸሹ በተነሡ ጊዜ ግን ከአውቶቡስ መሣፈሪያ ተይዘው ወደ ሹም ቀረቡ። ለይላ ባልዮው የሚያደርስባቸውን ብትነግረውም፣ ሹሙ የቤት ነገር የባልና የሚስት ጕዳይ ነው ብሎ መለሳቸው። ሹሙ በእጁ አልመታቸውም፤ ለሚመታቸው ግን አሳልፎ ሰጣቸው።

ታሊባኖች በ1996 ካቡልን በያዙ ጊዜ ነገሩ ባሰ። ሴቶች ከሥራ፣ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ታገዱ፤ ሴት ያለ ወንድ ዘመድ በመንገድ መሄድ ተከለከለች። በታሪኩም ለይላ መድኀኒት በታጣበት ሆስፒታል ያለ ማደንዘዣ ሆዷ ተቀድዶ ወለደች። በመጨረሻም ረሺድ ለይላን አንቆ ሊገድላት በያዘ ጊዜ መርየም በአካፋ መትታ ገደለችው። ለይላና ልጆቿ እንዲያመልጡ ብላም ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማ ሞት ተፈረደባት።

መርየምን በሕፃንነቷ ያስተማሯትና ወደ ትምህርት ቤት እንድትሄድ የለመኑላት ሙላህ ፈይዙላህ የሃይማኖት መምህር ነበሩ፤ ሞት የፈረዱባትም በሃይማኖት ስም የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ስም ለርኅራኄም ለጭካኔም ሲጠራ፣ መለያው ፍሬው ነው።

ታሊባኖች በ2021 ሥልጣን መልሰው ከያዙ በኋላ ልጃገረዶችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ በ2022ም ከዩኒቨርሲቲ አግደዋልና፣ መጽሐፉ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በማናቸውም አገር ያለ ሹም፣ የተበደለች ሴት ከደጁ በቆመች ጊዜ «የቤት ነገር ነው» ብሎ ከመመለሱ በፊት፣ ወደ ማን እንደሚመልሳት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።