የሞተር ሳይክል የነዳጅ መስጫ ገመድ አለዋወጥና አስተካከል

ሰሊጥ ወይም ማንጎ ጭነው ከባምባሲ ወይም ከሆሞሻ ወደ አሶሳ ገበያ ሲመጡ፣ ቀኝ እጅዎን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነው። ሜካኒኮች ካቦ ይሉታል። ከተበጠሰ መንገድ ላይ ያስቀርዎታል። ተይዞ ከቀረ ግን እጀታውን ቢለቁትም ሞተሩ አይበርድም፤ ይህ ይብሳል።

ገመዱ ባንዴ አይበጠስም። በቅድሚያ ጥቂት ክሮች ይበጠሳሉ፤ በተለይ እጀታው ውስጥ ባለው ጫፍና ከመሪው ሥር በሚታጠፍበት ቦታ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃና ውሃ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል። እጀታው ከከበደ ወይም ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ገመዱን ይመርምሩ። ክሩ የተበጠሰውን ዘይት አያድነውም፤ መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ ይለውጡት።

ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የሽፋኑም የሽቦውም ርዝመት እኩል ካልሆነ፣ ሻጩ «ይሠራል» ቢልዎትም አይውሰዱ።

ካርቡራተር ያለውና ባለ አንድ ገመድ ሞተር ከሆነ ራስዎ መለወጥ ይችላሉ፤ ሌላውን ለጋራዥ ይተዉት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ እሳት በሌለበት፣ የነዳጅ መዝጊያውን ይዝጉ። የካርቡራተሩን ክዳን ፈትተው ፒስተኗን ከነሞላዋና ከነመርፌዋ ያውጡ፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፒስተኗን ልታስይዝ ትችላለች። ሞላውን ጨምቀው የገመዱን ጫፍ ያላቅቁ፤ የእጀታውን ብሎኖች ፈትተው ሌላውንም ያውጡ። አሮጌውን ከመሳብዎ በፊት ጫፉ ላይ ሲባጎ ይሰሩ፤ አዲሱ በዚያው መስመር ያልፋል። ታንከሩ ሥር እንዳይጨፈለቅ ይጠንቀቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒስተኗን ሲመልስ ነው። በጎኗ ያለው ቦይ ካርቡራተሩ ውስጥ ካለው ጉጥ ጋር መግጠም አለበት። ሳይገጥም በግድ ከተጫነ ፒስተኗ ክፍት ሆና ትቀራለች፤ ሞተሩ ሲነሣም ይጮኻል።

ቀጥሎ ልኩን ያስተካክሉ። እጀታው ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ባብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በባዶ መዞር አለበት፤ የሞተሩ መመሪያ ካለዎት እሱን ይከተሉ። ማስተካከያውን አዙረው ልኩን ሲያገኙ መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው እጀታውን ይሞክሩ፤ ሲለቁት በየአቅጣጫው ፈጥኖ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አይንዱ። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገው ያስነሡ፤ ነዳጅ ሳይሰጡ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው ያዙሩ። ድምፁ ከጨመረ ገመዱ ጠብቋል ወይም መስመሩን ስቷል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ በራሱ ይፈጥንብዎታል ማለት ነው።

እየነዱ ሳለ ገመዱ ቢያዝ ፍሪሲዮን ይጨብጡ፣ ሞተሩን በማጥፊያው ያጥፉ፣ ፍሬን ቀስ አድርገው ይዘው ከመንገዱ ይውጡ።