ሰው ሠራሽ እጅ የያዘውን እንዲያውቅ፦ የመዳሰስ ስሜትን የመመለስ ጥረት

ቡና የተሞላ ሲኒ ከረከቦት ላይ የሚያነሣ ሰው ምን ያህል ጠበቅ አድርጎ መያዝ እንዳለበት ቆሞ አያስብም። ጣቶቹ ሲኒው እንዳይወድቅ በሚበቃ መጠን ይጨብጣሉ፤ ሲኒው እርጥብ ሆኖ መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ ሰውየው ልብ ሳይለው አያያዛቸውን ያጠብቃሉ። እጁን አጥቶ ሰው ሠራሽ እጅ ለሚጠቀም ሰው ግን ይኸው ተግባር ሙሉ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሞተሩ ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ስለያዘው ነገር ለባለቤቱ የሚነግርበት መንገድ ነው።

በሰው መዳፍና ጣቶች ውስጠኛ ቆዳ ላይ ንክኪን፣ ጫናንና ንዝረትን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ 17,000 ያህል የነርቭ መስመሮች እንዳሉ ይገመታል። በስዊድን የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮላንድ ዮሃንሰንና ዮራን ቬስትሊንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ዕቃ ሲያነሣ የሚጠቀመው ጉልበት ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው በጥቂት ብቻ የሚበልጥ መሆኑን አሳይተዋል። ዕቃው ሲያመልጥ ጣቶች ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ምላሽ ይሰጣሉ። የጣቶቹ ቆዳ በማደንዘዣ መድኃኒት ሲደነዝዝ ግን ጡንቻዎቹ ጤናማ ቢሆኑም ይህ ምጣኔ ይዛባል። ከዚህ እንደሚታየው አጥብቆ መያዝም ሆነ አላልቶ መያዝ በመጀመሪያ የስሜት ጉዳይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውሉት ባለ ሞተር እጆች የሚታዘዙት በቀረው ክንድ ጡንቻዎች ነው። ተጠቃሚው ጡንቻውን ሲያኮማትር የሚፈጠረውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በቆዳ ላይ ያረፉ ኤሌክትሮዶች ይቀበሉትና ሞተሩ ጣቶቹን እንዲከፍት ወይም እንዲዘጋ ያደርጋሉ። በአብዛኞቹ ግን ትእዛዙ የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከጣቶቹ ወደ አንጎል የሚመለስ መልእክት የለም። ስለዚህ ተጠቃሚው እጁን በዓይኑ መከታተልና የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ ይኖርበታል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ወይም በቦርሳ ውስጥ ዕቃ ሲፈልግ ደግሞ ዓይኑም አይረዳውም። ለስላሳ የወረቀት ኩባያ በቀላሉ ሊጨማደድ፣ እንቁላልም ሊሰበር ይችላል። ከዚህ ድካም የተነሣ እጁን ከመልበስ ይልቅ ማስቀመጥን የሚመርጡ አሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚፈለገው በሁለት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው እጁ ራሱ እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው። በገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ፣ በጣታቸው ላይ የተገጠመው ዳሳሽ ዕቃው መንሸራተት መጀመሩን ሲያውቅ ያለ ተጠቃሚው ትእዛዝ አያያዛቸውን ያጠብቃሉ። ይህ ዘዴ ሲኒውን ከመውደቅ ያድነዋል፤ ሆኖም ባለቤቱ የያዘው ለስላሳ ይሁን ጠንካራ አሁንም አይሰማውም።

ሁለተኛው አቅጣጫ መልእክቱን ወደ ነርቭ መመለስ ነው። ዴንማርካዊው ዴኒስ ኦቦ ሶረንሰን ግራ እጁን ያጣው እ.ኤ.አ. በ2004 በርችት አደጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሮም በሚገኘው የጀሜሊ ሆስፒታል በክንዱ ነርቮች ውስጥ አራት ኤሌክትሮዶች ተተከሉለት። በፕሮፌሰር ሲልቬስትሮ ሚቼራ የተመራው ቡድን ባዘጋጀው እጅ ውስጥ፣ ዳሳሾች ጣቶቹን የሚስቡትን ሰው ሠራሽ ጅማቶች ውጥረት ይለካሉ፤ ኮምፒውተርም ልኬቱን ነርቭ ሊቀበለው ወደሚችል የኤሌክትሪክ ምት ይለውጠዋል። ሶረንሰን ዓይኑ ተሸፍኖና ጆሮው ተደፍኖ ሳለ የያዘውን ዕቃ ቅርጽና ጥንካሬ መለየት ችሏል። ኤሌክትሮዶቹ ለደኅንነቱ ሲባል ከአንድ ወር በኋላ ቢወጡም፣ ሙከራው ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላም ነርቮቹ መልእክት ማድረስ እንደሚችሉ አረጋግጧል።

በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በደስቲን ታይለር የሚመራው ቡድን ደግሞ ነርቩን ከውጭ የሚያቅፉ ኤሌክትሮዶችን መረጠ፤ እነዚህም ከአንድ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ቀኝ እጁን በሥራ ላይ አደጋ ያጣ አንድ ተሳታፊ ስሜቱ ሲመለስለት ቼሪ የተባለውን ትንሽ ፍሬ ሳይጨፈልቅ ከግንጫው መለየት ችሏል። በሌለው እጁ ላይ ይሰማው የነበረው ሕመምም በእጅጉ ቀንሶለታል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ተጨማሪ እርምጃ አሳይተዋል። ተፈጥሯዊ ነርቭ ከሁሉ በላይ ምልክት የሚልከው ንክኪው ሲጀምርና ሲያበቃ ነው፤ ምቶቹ ይህንን ሥርዓት ተከትለው ሲላኩ ተጠቃሚው ለስላሳውን ከጠንካራው ይበልጥ በፍጥነት ለይቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ መሰናክሎች ይቀራሉ። ኤሌክትሮድ መትከል ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ በሙከራዎቹ ላይ ሽቦዎቹ ቆዳን አልፈው ይወጡ ስለነበር ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ዳሳሾች በላብ፣ በአቧራና በተደጋጋሚ ንክኪ ይጎዳሉ። የእጆቹ ዋጋም ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። በዚህም ምክንያት ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቀረው ክንድ ቆዳ ላይ በሚደረግ ንዝረት ወይም ጫና ስለ አያያዙ ጥንካሬ የሚያሳውቁ ቀለል ያሉ ዘዴዎችም ይጠናሉ።

በግንባታ ቦታ፣ በፋብሪካም ሆነ በቤት ውስጥ በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው እጅን ማጣት መተዳደሪያን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። የእነዚህ ጥናቶች ትልቁ ግኝት እጅ ቢቆረጥም ከክንድ ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ አለመዘጋቱ ነው። የወደፊቱ ሰው ሠራሽ እጅ ጥራት የሚለካውም በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ዓይኑን ከሲኒው አንሥቶ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እየተጫወተ ቡናውን መጠጣት በመቻሉ ይሆናል።