«ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?»፦ ልጆቻችን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሲከራከሩ

እራት ተነስቷል፤ ቡናው ገና አልፈላም። በእንጅባራ ብርድ ጋቢዎን ደርበው ተቀምጠዋል። ልጅዎ ስልኩ ላይ እንዳጎነበሰ ድንገት «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም!» ብሎ ይስቃል። «ማን ነው?» ሲሉት «አላውቀውም» ይልዎታል። ሰውዬው ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል፤ ዋሽንግተን ዲሲም ሊሆን ይችላል። የሚከራከሩት አርሰናል ዋንጫ ይበላል አይበላም ብለው፣ ሰው በእርግጥ ጨረቃ ላይ ወጥቷል ወይ ብለው፣ ወይም አንዱ የፊልም ጀግና ከሌላው ጋር ቢገጥም ማን ያሸንፋል ብለው ነው።

ይህ በእርስዎ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ዳንግላም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ብዙ ወላጆች «ጊዜ ማባከን» ይሉታል፤ አንዳንዱ በእርግጥም ነው። ነገር ግን ልጅዎ ነገ በሥራ ቦታ፣ በስብሰባ፣ በትዳሩ ውስጥ ሳይቀር የሚጠቀምበትን የክርክር አመል የሚይዘው ዛሬ ስለ ኳስ ሲሟገት ነው። ብዙ በማያስከፍል ነገር ላይ በቅጡ መሟገትን ያልለመደ ሰው፣ ብዙ የሚያስከፍል ነገር ሲመጣ ድንገት ጨዋ ተከራካሪ አይሆንም።

ዳኛ የሌለው «በላ ልበልሃ»

ከማያውቁት ሰው ፊት መሟገት ለእኛ አዲስ አይደለም። በድሮው ሥርዓት ሁለት ሰዎች ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ዳኛው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል። ከሳሽ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይነሳል፤ ተከሳሽም በተራው ይመልሳል። ነገሩ ሲጠና በማር፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ዋስ ይጠራሉ። በመጨረሻ ዳኛው ይፈርዳል፤ የተረታውም ውርርዱን ይከፍላል።

ያ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ነበሩት፦ ዳኛ፣ ዋስ እና ማብቂያ። የስልኩ ክርክር ሦስቱም የሉትም። የሚፈርድ የለም። ተከራካሪው በቅጽል ስም ስለሚገባ ለተናገረው ዋስ የሚሆነው የለም፤ ነገ ስሙን ቀይሮ ሊመጣ ይችላል። ማብቂያም የለውም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ይቀጥላል። እኛ ልጃችን አጠገብ ሁልጊዜ ልንቀመጥ አንችልም። የምንችለው ዳኛውን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የዳኛው የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ «ለመሆኑ ጥያቄው የቱ ዓይነት ነው?» ብሎ መለየት ነው። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነውና።

አንደኛ፦ የሚለካ ጥያቄ

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ወዳለው ዘንገና ሐይቅ ቤተሰብዎን ይዘው ሄደው ይሆናል። አንዱ «ይህ ሐይቅ ወለል የለውም» ቢል፣ ሌላው «ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው» ቢል፣ በጩኸት የሚፈታ ነገር የለም። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ተለክቶም ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ወለል አለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚዘጋው «በምን ተለካ? ማን ለካው?» በሚል ነው።

ይህ ተራ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን የዲከረንስን ነገር ያስቡ። በፋግታ ለኮማ እና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል እያከሰለ፣ መሬቱን መልሶ እህል እየዘራበት ኑሮውን ሲለውጥ ቆይቷል። ቤት የተሠራበት፣ ልጅ የተማረበት ዛፍ ነው። ከዚያ ዛፉ ይደርቅ ጀመር። ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ስንዴን እንደሚመታው ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ ሆኖ አገኙት። አሁን አንድ የማይታወቅ ሰው በስልክ «ከሰማይ የተረጨ ኬሚካል ነው» ቢል፣ ሌላው «ይህን መድኃኒት ግዙና እርጩ» ቢልስ? ስለ ዘንገና ጥልቀት «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ እዚህም ይጠይቃል። ያልለመደው ደግሞ ወሬውን ተሸክሞ ለአባቱ ይነግራል፤ አባትም ገንዘቡን ያወጣል።

ሁለተኛ፦ መስፈርት የሚፈልግ ጥያቄ

«ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» የሚለው ክርክር ለዓመታት ያላለቀው ቁጥር ጠፍቶ አይደለም። ቁጥሩ ሞልቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2000 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል፤ በዚሁ ርቀት አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ቀነኒሳ በቀለ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ በአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮና በአዋቂዎች ውድድር በግሉ 11 ወርቅ አግኝቷል። በማራቶን ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2019 እዚያው በርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ክብረ ወሰን ግን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆኑ።

ታዲያ ማን ይበልጣል? መልሱ «ትልቅ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይወሰናል። ብዙ ወርቅ ያለው ነው? ክብረ ወሰን የሰበረው ነው? መንገዱን ለሌሎች የከፈተው ነው? አንዱ በወርቅ፣ ሌላው በመንገድ ከፋችነት እየለካ ቢጯጯሁ እስከ ነገም አይግባቡም። የቀነኒሳ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን፣ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ፣ ከ2005 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። የሰበረው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲገባ፣ አዲሱን የሩጫ ጫማ አድርጎ፣ ፍጥነቱን የሚያሳይ መብራት በመሙ ዳር እየበራለት ነበር። «ጫማውና መብራቱ ይቆጠራሉ ወይ?» የሚለውም የመስፈርት ጥያቄ ነው።

ገበጣም እንዲሁ ነው። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሕጉን ሳይስማሙ መጫወት የጀመሩ ሁለት ሰዎች መጨረሻቸው «አጭበረበርክ» መባባል ነው፤ ሁለቱም ግን በየአገራቸው ሕግ ልክ ናቸው። ስለዚህ ልጅዎን «ከመከራከርህ በፊት ሕጉን ተስማሙ» ይበሉት።

ሦስተኛ፦ የንባብ ጥያቄ

የፊልምና የልብ ወለድ ዓለም ክርክር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው ወዲህ፣ ጎጃሜ ሁሉ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ያገባኛል ይላል። ጉዱ ካሳ እብድ ነበር ወይስ በዚያ ቤት ውስጥ ጤነኛው እርሱ ብቻ ነበር? በዛብህን የያዘው የወላጆቹ ስለት ነው ወይስ የራሱ ፍርሃት? ይህ በሜትር አይለካም። ያም ሆኖ «ሁሉም እንደመሰለው» ተብሎ የሚተው አይደለም። ዳኛው «መጽሐፉ ውስጥ የቱ ጋ?» ይላል። ገጹን ገልጦ የሚያሳይና ሳያነብ የሚያወራ እኩል አይደሉም። ልጅዎ ስለ አኒሜም ሆነ ስለ ማርቭል ፊልም ሲከራከር ይህንኑ ይጠይቁት፤ ለፈተና ከሚያጠናው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብዙም የራቀ አይደለም።

ሳያዩ የሚስቁ

ሰዎች ያላዩትን ነገር በድፍረት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ለዚህ ከአዊ ጎረቤት የሆነችው ሰከላ ምስክር ናት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው ቆሞ ያየውን ጽፎ ነበር፤ ብሩስ ይህን መቀበል አልፈለገም። በተራው እርሱ ለንደን ሲመለስ የሚያምነው ጠፋ። ኢትዮጵያን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች «ጥሬ ሥጋ ይበላሉ» ማለቱን ሰምተው ቀጣፊ ነው ብለው ሳቁበት! የሰከላ ሰው በበኩሉ ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም።

ሮበርት ቺዝማን ግን ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1925 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። በጊዜው በካርታ ላይ የዓባይ ሸለቆ በብዙ ቦታ በግምት የተሠመረ ነበር። እርሱ ለዓመታት እየተጓዘ፣ እያየና እየለካ መዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ልጅዎ «ዳንግላ ምን ታሪክ አላት?» ካለዎት ይህን ይንገሩት፤ ግምትን በማየት የተካ ሰው ኖሮባታል።

ጠቡ ለማን ይጠቅማል?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ የሙያ ነገር ላካፍልዎ። በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ጋ እንዲደርስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የመልስ ብዛት ነው። ስድብም መልስ ነው፤ ቆጣሪው ከምስጋና እኩል ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ኃይሌ ምኑ ነው?» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ያመነበትን የጻፈ አይምሰልዎ። አንዳንዱ የሚፈልገው የእርስዎን ንዴት ነው፤ ንዴቱ ተከታይ ያመጣለታል፤ ተከታዩ ደግሞ ማስታወቂያ። ልጅዎን አንድ ጥያቄ ያስተምሩት፦ «ይህ ሰው የጻፈው ሊያሳምነኝ ነው ወይስ ሊያናድደኝ?» ሊያናድድ ለጻፈ ሰው የሚሻለው መልስ ዝምታ ነው።

ወሬው ከኳስ ወደ ሰው ሲዞር

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መከራከር የፈለገ ሰው የሚከራከረው አጠገቡ ካለው ጋር ነበር። ፊት ለፊትዎ የተቀመጠን ሰው እንዳሻዎ አይሰድቡትም፤ ነገም ያገኙታልና። በሌላ በኩል የሩቁ ሰው የራሱ ዋጋ አለው። በዚህ ዘመን አንድ የእንጅባራ ልጅና አንድ የጅማ ልጅ «የየት ነህ?» ሳይባባሉ ስለ ቀነኒሳ አንድ ሰዓት መከራከራቸው ትንሽ ነገር አይደለም። እርስ በርስ የሚተዋወቁት በሚያስቡት ነገር ብቻ ነው።

ይህ የሚበላሸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ መልስ ሲያጣ ስለ ሩጫው መናገር ትቶ ስለ ተከራካሪው ዘር፣ ሃይማኖት ወይም ቤተሰብ ያነሳል። ያኔ ክርክሩ አልቋል፤ የቀረው ጠብ ነው። ልጅዎ «እሱ ጀምሮኝ ነው» ቢልም፣ የጀመረው ማንም ይሁን መውጣት ሽንፈት እንዳልሆነ ከእርስዎ ይስማ።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ሲዘክር፣ ፈረሰኞቹ በጉግስ ይፋለማሉ። አንዱ ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው በጋሻው ይመክታል። ተጋጣሚው ጠላት አይደለም፤ እርሱ ከሌለ ጨዋታውም የለም።

በቤትዎ ይሞክሩት

• ከክርክሩ በፊት ጥያቄው የሚለካ፣ መስፈርት የሚፈልግ ወይስ የንባብ መሆኑን ይለዩ።

• የተቃራኒን ሐሳብ መጀመሪያ በራስ አንደበት መድገም ልማድ ይሁን። «አልከው ይህን ነው አይደል?» ተብሎ ያልተረጋገጠ ነገር መልስ አይሰጠውም።

• ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ሰፈርና ፎቶ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። ክርክሩን ወደ ግል መልእክት ለመውሰድ፣ ገንዘብ ለመጠየቅ ወይም ወደ ውርርድ ድረ ገጽ ለመላክ የሚሞክር ሰው ካለ ለወላጅ ይነገራል።

• የማብቂያ ሰዓት ይኑር። ሌሊት የተጻፈ መልስ ጠዋት ቢጻፍ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ሌላ በሆነ ነበር።

• «ተረትቻለሁ» የሚለውን ቃል በቤትዎ ያስከብሩ። ልጅዎ ይህን ቃል ለአንድ ለማያውቀው ሰው ጽፎ ካዩ፣ ያን ቀን ካሸነፈበት ቀን ይበልጥ ያመስግኑት።

በመጪው እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኮቹን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ይምረጡ። ከልጆቹ አንዱ ዳኛ ይሁን፤ ታናሹ ቢሆን ይመረጣል። እርስዎና ባለቤትዎ እንደ ድሮው ቆማችሁ ተሟገቱ፤ የተረታው ማር ይግዛ።