ቀይ ባሕር ያልለየው ጥድ

በሙሸይሪብ ጎዳናዎች ለሚመላለስ ኢትዮጵያዊ የአገር ቤት ጥድ ከትዝታ ያለፈ ነገር አይደለም። ሞቃቱና ዝቅተኛው የዶሃ ምድር ለተምር እንጂ ለጥድ አይመችም። ይሁንና ዛፉን ለማየት የግድ እስከ ኢትዮጵያ መሄድ አያስፈልግም፤ በሳዑዲ ዓረቢያ የዓሲር ተራሮችና በየመን ደጋዎች የሚበቅለው፣ ዐረቦች «ዐርዐር» የሚሉት ዛፍ ራሱ የሐበሻ ጥድ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1847 ጁኒፔረስ ፕሮሴራ በሚል ሳይንሳዊ ስም ታትሟል።

የዕፅዋት ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ዛፎች ከሚለዩባቸው ምልክቶች ዋነኛው ኮን የሚባለው ዘር ተሸካሚ አካል ነው። ኮን ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ደረቅና እንጨታማ የሆነውን ነው። የሐበሻ ጥድ ኮን ግን ቅርፊቶቹ ለስልሰው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ እንክብል ይመስላል። እንደ ተምር ሁሉ ወንዱና ሴቷም አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬ አልባው ጥድ መካን ሳይሆን ወንድ ሊሆን ይችላል። ሌላው አገር በቀል ዛፍ ዝግባ ደግሞ በአንድ ዘር ዙሪያ ወፍራም ሽፋን ብቻ ስለሚታይበት ኮን ያለው አይመስልም። የሚመደበውም ከጥድ ቤተሰብ ውጭ፣ ፖዶካርፔሴ በሚባለው ውስጥ ነው።

«የፈረንጅ ጥድ» የሚባለው ከሐበሻው ጋር ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ክብና ጠንካራ ኮን አለው። የትውልድ ስፍራው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙ ግን ፖርቹጋላዊ ያደርገዋል! ሸውሸዌ ደግሞ ኮን የሚመስል ፍሬ ብታፈራም ከአበባ ዕፅዋት ወገን ናት።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ፈጥኖ የሚያድገው የፈረንጅ ጥድ ለእንጨት ይጠቅማል፤ የተመነጠረውን የሐበሻ ጥድ ደን ግን አይተካም። እስከ 40 ሜትር ሊረዝም የሚችለው የሐበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨቱ ለምሰሶና ለአጥር ስለሚፈለግ ተመናምኗል። በጅቡቲ የዳይ ደን ብዙ ጥዶች ቆመው ደርቀዋል፤ በዓሲርም ከጫፍ ጀምሮ መድረቅ ታይቷል።

ለትውልድ መንደሩ ችግኝ ማስተከያ ገንዘብ የሚልክ ሰው «ጥድ» የሚለው ስም ብቻ አይበቃውም። ችግኝ ገና ኮን ስለሌለው፣ ዘሩ የተለቀመው ከለስላሳው ኮን ይሁን ከደረቁ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።