መኪናዋስ ርካሽ ናት… ግን ታደርሳለች?

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም። ማለቴ… አወራለሁ፣ ግን በአራት ጎማ ስለምትሄደዋ! በዚህ ከተማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየደበደበው «ምነው አንዲት ቆርቆሮ እንኳ በኖረችኝ!» ብሎ ያልተመኘ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። መመኘቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ ምኞት ዓይን ይጋርዳል። ልክ እንደ ፍቅር!

በሌላው ዓለም መኪና ስታረጅ ትረክሳለች። የኛዋ ግን ዕድሜ በጨመረች ቁጥር ትኮራለች። ምክንያትም አላት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል መለዋወጫውም አብሮ ተሰቀለ። እናማ ዛሬ ደላላ «ርካሽ አለችልህ» ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከእናንተ የምትበልጥ መኪና ናት። «አንቺ» ከማለታችሁ በፊት «እርስዎ» ማለት ያስፈልጋል!

ዕድሜ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ የማይጠፋ፣ የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት አሮጌ ኮሮላ፣ ዕቃዋ ከማይገኝ ቆንጆ ትሻላለች። ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመቷ ነው?» ሳይሆን «በማን እጅ ኖረች?» ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጋራዥ አጠገብ ስላደግሁ ግን የሰፈር ልጆች መኪና ሊያዩ ሲሄዱ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሳትሞቅ ድረሱባት

በጠዋት ሂዱ። ሻጩንም «ሳታስነሳት ጠብቀን» በሉት። ስትደርሱ ሰላምታው ሳያልቅ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቃለች? እንግዲያው ጠይቁ። በብርድ አልነሳም የምትል መኪናን አሙቆ ማቅረብ የቆየ ዘዴ ነው። የደከመ ባትሪ፣ የታመመ ሞተሪኖ፣ የተበላ ሞተር ሁሉ በሙቀት ይሸፈናል።

ቀዝቃዛ ከሆነች የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። (ከሞቀች በፍጹም እንዳትነኩት፣ ፊት ይልጣል!) ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፏል? የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማዮኔዝ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፏል? ትንሽ አረፋ ከብርድም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ከሆነ ግን ውሃና ዘይት ተገናኝተው ይሆናል። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ወጪው ቀላል አይደለም።

ስትነሳ አንዳችሁ ከኋላ ቁሙ። ጭስ አይዋሽም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ አልተቃጠለም፤ ይህ አንዳንዴ በቀላል ጥገና ይስተካከላል። በጠዋት ብርድ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ችግር የለውም። ሞቃም ነጩ ካላቆመ ግን ውሃ ሞተር ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ሜዳ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው

ደላሎች ለሙከራ የሚወስዷችሁ ቀጥ ባለ አስፋልት ነው። እናንተ ወደ እንጦጦ ዳገት ውሰዷት። ከዚያ ደግሞ ጭንቅንቅ ያለ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት አቁሟት፣ ዓይናችሁን ከሙቀት ጌጁ ሳትነቅሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር እዚህ ቶሎ ነው የሚያጋልጣችሁ።

ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጧት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተከተለችው ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነም ልብ በሉ። የታይሚንግ ቺንጋ ካላት መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በአንዳንድ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀለም ሜካፕ ነው

አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ መኪና ስታዩ አትደንግጡ፣ ግን ጠርጥሩ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቿና ጎኗ ላይ አስኪዱት። አልይዝ ያለበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ምንጣፉን አንሱና ወለሉን እዩ፤ ዝገት እዚያ ነው የሚደበቀው። ኪሎ ሜትሩ 80 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ፣ መሪው ከተላጠ፣ የሾፌሩ ወንበር ከጎደጎደ… ቁጥሩ ነው ወይስ እግር ነው የሚዋሸው? ጎማውም ዕድሜውን ጽፎ ነው የሚዞረው። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 2319 ካሉ፣ ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው።

«ሌላ ሰው ብር ይዞ እየመጣ ነው!»

የሰፈራችን አንድ ልጅ መኪና ሊገዛ ተነሳ። ብሩ ግማሹ የራሱ እቁብ ነው። ግማሹ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ አራት ዓመት ያጠራቀመችው ነው። መኪናዋ ታምራለች፣ ዋጋዋም ከገበያው ዝቅ ይላል። የሞተሯ ክዳን ሲከፈት ግን ያ ማዮኔዝ ተጋግሮ ተገኘ። ይዘነው የሄድነው መካኒክ «ቴስታታውን ሳልከፍት ይህን ያህል ያስወጣል አልልህም» አለ። ደላላው በበኩሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ወንድሜ ፍጠን፣ ሌላ ሰው ብር ይዞ እየመጣ ነው!» ይላል።

ልጁ «ግድ የለም፣ ገዝቼ አሠራታለሁ» አለ። በምን ብር? ያለው ሁሉ ለዋጋው ነው የሚሄደው! መጨረሻ ላይ እህቱ ጋ ደወለ። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እሷ ከሥራ ትመልስሃለች ወይስ አንተ ነህ የምትገፋት?»

ትቷት መጣ። ዛሬም በታክሲ ነው የሚሄደው፤ የመኪና ዋጋ ደግሞ አልጠበቀውም። ሰልፍ ላይ ስንገናኝ በግማሽ ዓይኑ ነው የሚያየኝ። የመጠበቅ ዋጋም ዋጋ ነው፣ አልክድም። ግን የእህቱ አራት ዓመት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ጎማው ተነፍሶ አልቆመም።

ሊብሬውን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ

ሞተሯ ጤነኛ ሆና ወረቀቷ የታመመም አለች። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከራሷ ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን ይጨምራል? ወካዩስ በሕይወት አለ? ወካይ ሲሞት ውክልናውም ያበቃልና! ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራረሙ። የተረከባችሁበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም አስጽፉ፤ ከዚያ በፊት የደረሰ አደጋ የእናንተ አይደለም። ቦሎ ተለጥፎባታል ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። ቦሎ ያንን ቀን ማለፏን እንጂ ነገ አለመቆሟን አይናገርም።

በመጨረሻም የኪስ ነገር። ከመቶ ብራችሁ ሰማኒያውን ለመግዣ፣ ሃያውን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና ያዙ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ ሁሉ ይጠብቃችኋል። መቶውን ከጠየቀቻችሁ መኪናዋ ርካሽ አይደለችም፤ ለእናንተ ውድ ናት! የራሳችሁን መካኒክ ከፍላችሁ ውሰዱ፤ የሻጩ መካኒክ የሻጩ ነው። ለምርመራ የከፈላችሁትንም አስባችሁ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» እንዳትሉ። ትቶ መሄድ የገዢ መብት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው?

ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ። መንገዱንም ጨርቅ ያድርግላችሁ። ቸር ሰንብቱ!